ቀስ… ት

ዓለም ገና ነው ጋራዡ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣
የአይሱዙ ባሌስትራ መዶሻ ሲቀጠቅጠው ውሎ፣
የተሰበረ ቅጠሉን አውጥቼ ስጥል ከበር፣
ኦቦ ደቻሳ ጎንበስ ብሎ ከብረቱ ይመርጥ ነበር።
«ለቢላ ነው?» አልኩት።
«ለፍላጻ ጫፍ» አለኝ።
ሳቅሁበት። አልተቆጣም። ለእሁድ ቀጠረኝ።

ወጨጫ እግር ስር ቤቱ፤ ከምድጃው በላይ፣ ከጣራ፣
ሁለት ክረምት ጭስ የጠጣ አንድ ቀጥ ያለ ወይራ።
አውርዶ ጉልበቱ ላይ፣ በጠርሙስ ስባሪ ፋቀው፤
ትንሽ ፋቅ፣ ትንሽ ወጠር፣ ትንሽ ደግሞ ጠየቀው።
«ብረት በእሳት ይታዘዛል፤ እንጨት ግን ይማከራል፤
የላይኛው ክንዱ ከሰነፈ፣ የታችኛው ይሰበራል።»

ላባ ከቄራው አጥር ስር፣ አሞራ የጣለውን፣
በሦስት በሦስት አሰረው፣ ለይቶ አንደኛውን፤
«ነጩ ከእንጨቱ ይራቅ፤ ካልራቀ ይታከካል፤
የታከከ ፍላጻ ደግሞ እንደ ሰካራም ይሄዳል።»
ጅማቱን ሰም እየቀባሁ «ወርቁስ የት አለ?» አልኩት።
መልስ አልሰጠም። አሳየኝ
አውታር የበላው፣ እንደ ቀንድ የደረቀ ጣት።

የኔው ቀስት ሌላ ነበር፤
አንድ የመንገድ ሥራ ፈረንጅ፣ በፍሬን ሸራ ዕዳ
ትቶልኝ የሄደ፣ ጫፉ ወደ ኋላ የዞረ እንግዳ፤
ሙጫ ለሙጫ ተጣብቆ፣ ገና ሲነኩት የሚዘል፣
ቂም እንደያዘ ጎረምሳ ሰበብ ብቻ የሚፈልግ ይመስል።
ኦቦ ደቻሳ ሳበና፣ ቀስ አርጎ መለሰው፤
«ባዶውን አይለቀቅም፤ ራሱን ነው የሚሰብረው።
ይህ ፈጣን ነው። የኔ ዘገምተኛ ነው፣ እንደኔ።»
ከዚያ ወደ ወይራው አየ፣ ልክ እንደ ሰው፣ በቅናት ዓይኔ
ፊት።

አማርኛን በጉልምስናው ነው የተማረው፤ ለዚያ ይሆናል
እኛ የምንውጠውን ቃል እሱ አላምጦ ይፈታል።
«ቀስት ማለት ‘ቀስ’ ነው» አለኝ።
«የቀረችው ‘ት’
ጅማቱ ሲለቀቅ የምትሰማው ናት።
አንተ ግን ከ‘ት’ ትጀምራለህ።»

የወይዘሮ ዲንቂቱን ድንች ከርከሮ ሦስት ሌሊት አርሶት፣
በአራተኛው ቁጥቋጦ ውስጥ ተቀመጥን፣ ጀርባ ለእሾህ ሰጥተን፣ ፊት ለማሳው ፊት።
አመድ በትኖ ነፋሱን ለካ። ወደኛ ነው፤ ደግ ነው።
ከታች ዓለም ገና፣ ፉሪ፣ ጀሞ፣ መብራቱ እንደ ፈሰሰ ነው፤
የሲኖትራክ ፍሬን ከሩቅ ያለቅሳል።
ብርድ። አንድ ሰዓት። ሁለት። እግሬ ደንዝዟል።

መጣ። መጀመሪያ ጠረኑ፣ ከዚያ የአፈሩ መገልበጥ፣
ከዚያ ጥቁር ላይ ሌላ ጥቁር፣ እያንኮሻኮሸ ሲመጥጥ።
ኦቦ ደቻሳ ክንዴን ነካ፦
ቀስ —
እኔ፦
ት!

ፍላጻው በጀርባው ላይ አለፈ። ቆርቆሮ ጮኸ። ውሻ።
«ማነህ አንተ!» አለ ዘበኛ። ከርከሮው ወደ ጫካ ሸሸ።

ሲነጋ አጥሩ ጋ ሄድን።
የሪል እስቴቱ ትልቅ ሥዕል፣ ገና ያልተሠራ ቪላ፣
ሣሩ ከሣር የለመለመ፣ ሰማዩ ከሰማይ የሰማያዊ ሌላ፤
በሳሎኑ መስኮት፣ መጋረጃው መሐል፣
ፍላጻዬ እስከ ነጩ ላባ ተሰክቷል።
ኦቦ ደቻሳ ጤፍ የዘራበት ነው ያ መሬት፤
ካሳውን ቆጥሮ ከፈረመ ዘንድሮ ስድስት ዓመት።
ዘበኛው «ለማስረጃ ይቆያል» አለ።
ሽማግሌው ግን ቆሞ ሥዕሉን ቃኘው፦
«ድንቹን የበላውን ሳትክ፤
ማሳውን የበላውን አገኘኸው።»

መንገድ ላይ ሁለቱንም ቀስት ጅማታቸውን አላላ።
«ተወጥሮ ያደረ፣ ሲነጋ ጉልበት የለውም» አለ ኋላ።
እንጨቱን ነው ወይስ ራሱን?
አልጠየቅሁም።

ባሌስትራ ማለት ጥንት በጣልያን አፍ ቀስት ነበር አሉ፤
ያን ካወቅሁ ወዲህ ከመኪናው ሆድ ስር ስተኛ፣ ቅጠሎቹ ሁሉ
ሊለቁኝ የተሳቡ ይመስለኛል።

ከርከሮው አልሞተም። እሁድ ይመጣል።
በድንቹ ዳር እቀመጣለሁ፣ ሦስት ጣቴን ጅማቱ ላይ አድርጌ፣
አመዱ ወደኔ ሲመለስ፣ ትንፋሼን በግማሽ ይዤ፣
ቀስ…